የሐምሌ ግብር በጥር ይታሰባል

የከተማችን ነጋዴዎች፣ ደመወዝተኞች፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ! እሑዳችሁን ትታችሁ ስለ ግብር ልትሰሙ መምጣታችሁ ያስመሰግናችኋል።

«ለግብር ይውጣ» የሚል አነጋገር አለን። ልባችን የሌለበትን ሥራ እንዲያው ለይስሙላ ስንሠራ የምንለው ነው። ግብራችንንም ለግብር ይውጣ ነው የምንከፍለው። ዓመቱን ሙሉ ረስተነው እንከርማለን። ሐምሌ ሲገባ ጃንጥላ ይዘን ወረፋ ላይ እንቆማለን።

እስቲ የጎንደርን ገበያ አስቡት። ገንዘብ የሚገባው መቼ ነው? በመተማ በኩል ሰሊጥ የሚያመጣ ሰው ከመኸር በኋላ ገንዘብ ያያል። ሆቴልና ካፌ ያለው፣ ባጃጅ የሚነዳው፣ የሐበሻ ልብስ የሚሸጠው ጥምቀትን ይጠብቃል። (ያለፉት ዓመታት ጥምቀት እንደ ድሮው እንዳልነበረ ታውቃላችሁ፤ እሱን ዛሬ አላነሳውም።) የበጀት ዓመቱ ግን ሰኔ 30 ይዘጋል። ሒሳቡን የምንጠየቀው ክረምት ላይ ነው። ዝናብ፣ ባዶ አልጋ፣ ከፊታችን ደግሞ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም። ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቀን የግብሩ መብዛት አይደለም፤ ኪስ በሚደርቅበት ወር መምጣቱ ነው።

እቁብ እንጥል የለ? አንድ እቁብ ለብቻችሁ ጣሉ። ጣዩም እናንተ፣ ዳኛውም እናንተ። የተለየ የባንክ ደብተር ክፈቱና ገበያ በደራበት ሳምንት ሁሉ የተወሰነ አስገቡ። ዕጣው ሐምሌ ላይ ብቻ ይውጣ።

ገንዘቡ ካልሞላስ? ገቢያችሁን ለግብር ቢሮ ማሳወቁን በፍጹም አታስቀሩ። ዘግይቶ ማሳወቅና ዘግይቶ መክፈል ቅጣታቸው ለየብቻ ነው። ዘግይቶ ያሳወቀ ሰው ካልተከፈለው ግብር ላይ እስከ 25 በመቶ ሊደርስ የሚችል ቅጣት አለበት። በጊዜ አሳውቆ «ከፋፍዬ ልክፈል» ብሎ ማመልከት ግን ሕጉ የሚፈቅደው ነገር ነው።

አሁን ስለ ደረሰኝ። እዚህ ላይ ከራሴ ልጀምር። ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ነበረችኝ። ደረሰኞቼን በብስኩት ቆርቆሮ አጠራቅም ነበር። ሐምሌ ላይ ስከፍተው ግማሹ ነጭ ወረቀት ሆኗል። የማሽን ደረሰኝ ሙቀትና ብርሃን ያጠፋዋል፤ ያኔ ይህን የነገረኝ አልነበረም። ወጪ አውጥቼ ወጪ የለህም ተባልኩ። የግብር ሠራተኛውስ ምን ያድርግ? የሰጠሁት ባዶ ወረቀት ነው። ስለዚህ ማታ ሱቅ ስትዘጉ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ከበድ ያለውን ኮፒ አድርጋችሁ ከዋናው ጋር አያይዙት።

ለመሥሪያ ቤት ወይም ለትምህርት ቤት ዕቃ የምትሸጡ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከክፍያችሁ ላይ ዊዝሆልዲንግ ብለው የሚቀንሱት ብር የጠፋ ብር አይደለም። ቀድማችሁ የከፈላችሁት ግብር ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ከግብራችሁ ላይ ይቀነሳል። ግን ብሩ ሲቀነስ የተሰጣችሁን ደረሰኝ ከጣላችሁት ሁለት ጊዜ ከፈላችሁ ማለት ነው። በየቤቱ ስንት እንዲህ ያለ ወረቀት ስኳር ተጠቅልሎበት ይሆን!

ከሱቁ ለቤት የሚወሰደውን ዘይትና ሩዝም ጻፉት። የቤት አስቤዛ የንግድ ወጪ አይሆንም። ግን ካልጻፋችሁት የት እንደገባ ራሳችሁም አታውቁም።

የግብር ከፋይ ደረጃ የሚባለውም ተቀይሯል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1395፣ ሦስቱን ደረጃ ሁለት አድርጎታል። ዓመታዊ ሽያጩ 2 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነ ደረጃ ሀ ነው። ከዚያ በታች ያለው ደረጃ ለ። ለቫት (ለተጨማሪ እሴት ታክስ) መመዝገብ ግዴታ የሚሆነውም እዚያው 2 ሚሊዮን ላይ ነው። ወደዚያ የተጠጋ ሰው ፈቃዱን በሚስቱና በወንድሙ ስም መከፋፈል ያምረዋል። ይህ ግብር መደበቅ እንጂ ማቀድ አይደለም። ይልቅ ከወዲሁ መዝገብ የሚይዝ ሰው ፈልጉ። ከ2 ሚሊዮን በታች ያላችሁም የየቀኑን ሽያጭ በደብተር አስፍሩ። በ2009 የየሱቁ የቀን ገቢ በግብር ሠራተኞች የተገመተ ጊዜ የነበረውን ምሬት ታስታውሳላችሁ። ማስረጃ የሌለው ሰው በሰው ግምት መከራከሩ አይቀርም።

ደመወዝተኞችም አልረሳኋችሁም። «ጭማሪው ግብር ውስጥ ከተተኝ፣ ባይጨመርልኝ ይሻለኝ ነበር» ሲባል እሰማለሁ። ልክ አይደለም። በአዲሱ ሕግ በወር እስከ 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል፤ ከ14,000 በላይ ያለው ብቻ! 14,100 ብር የሚያገኝ ሰው 35 በመቶ የሚከፍለው ከ100 ብሯ ላይ ነው። 35 ብር። የተቀረው በየእርከኑ ዝቅ ባለ መቶኛ ይሰላል። ሁለት ቦታ የምትሠሩ ካላችሁ ግን ሁለቱ ደመወዝ ተደምሮ እንደሚታሰብ አትርሱ።

የንግድ ፈቃድ እድሳት እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፤ ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚያሳይ ወረቀት፣ ይጠየቃል። እሱን ታውቁታላችሁ።

ከበሩ አጠገብ ጠረጴዛ አዘጋጅተናል። ደረሰኙን በቆርቆሮ ይዞ የመጣ ሰው ካለ ከእሱ እንጀምር።