እርጅናን የሚያቆም መድኃኒት ቢመጣ ማን ይሰለፋል?

የተከበራችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ ውድ የፋርማሲ ተማሪዎች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን አደራችሁ? ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ እርጅናን የሚያቆም መድኃኒት ነው። እንዲህ ያለ መድኃኒት ዛሬ የለም። በቴሌግራም እንሸጥላችሁ የሚሏችሁ ካሉ አትግዙ። ተረት ነው ብለን የምናልፈው ነገር ግን አይደለም።

ራፓማይሲንን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1964 ከራፓ ኑይ ደሴት በተወሰደ አፈር ውስጥ ከነበረ ባክቴሪያ የተገኘ ነው። ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች ሰውነታቸው አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋው ይወስዱታል። በ2009 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች 600 ቀን ለሞላቸው አይጦች ሰጧቸው። በሰው ቢሰላ ወደ 60 ዓመት ገደማ ነው። ዕድሜያቸው ረዘመ፤ የሴቶቹ 14፣ የወንዶቹ 9 በመቶ ያህል። ካረጁ በኋላ ተጀምሮ ማለት ነው! ግን መድኃኒቱ በሽታ የመከላከል አቅምን ያዳክማል፣ አፍ ያቆስላል፣ የደም ቅባት ይጨምራል። ለታመመ ሰው ይህን ዕዳ እንቀበላለን። ምንም ላልሆነ የ30 ዓመት ወጣትስ? ጤነኛውን ሰው ለ50 ዓመት ዋጥ አድርግ ልንለው ነው?

ሜትፎርሚንም አለ። በየቀኑ ከመደርደሪያችን እያነሳን ለስኳር ሕመምተኞች የምንሰጠው ያው ሜትፎርሚን። ኒውዮርክ ያሉት ዶክተር ኒር ባርዚላይ ከ65 እስከ 79 ዓመት በሆናቸው 3,000 ሰዎች ላይ እርጅናን ያዘገይ እንደሆነ ለመሞከር ካቀዱ ዓመታት አልፈዋል። ያስቸገራቸው ገንዘቡ ነው። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፣ ብቻ የማምረት መብቱ (ፓተንቱ) አልፏል፣ የሚያተርፍበት ኩባንያ የለም። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ርካሹ መድኃኒት መሞከሪያ ገንዘብ ካጣ፣ ቀድሞ የሚደርሰው ውዱ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ውድ መድኃኒት ሲመጣ የሚሆነውን ደግሞ እኛ በዓይናችን አይተናል። የኤች አይ ቪ ጥምር ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1996 ሲጀመር የአንድ ሰው የዓመት ወጪ ከ10,000 ዶላር በላይ ነበር። በ2001 ሲፕላ የተባለው የህንድ ኩባንያ በዓመት 350 ዶላር አቀርባለሁ አለ። አገራችን ውስጥ በነፃ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። መድኃኒቱ አለ እየተባለ ዘጠኝ ዓመት ቀበርን።

በግዢ ይሰጥ በነበረበት ጊዜ እኔ የፋርማሲ መስኮት ላይ ነበርኩ። አንዲት ሴት የባሏን መድኃኒት ልትወስድ ትመጣ ነበር። አንድ ቀን ብልቃጡን ከነጠላዋ ጫፍ ፈታችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ጠዋት እሱ ማታ እሷ እየወሰዱ እንደሆነ ነገረችኝ። "ሁለታችንም ትንሽ ትንሽ ብናገኝ አይሻልም ወይ ልጄ?" አለችኝ። ግማሽ መጠን ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲለምደው እንደሚያደርግ አስረዳኋት። ያልኳት ግን፣ ሲተረጎም፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁን ምረጡ ነው። ማንም ባለሙያ ያን ዓረፍተ ነገር ዳግመኛ እንዲናገር አልፈልግም።

አሁን ይህን ወረፋ ወደ እርጅና መድኃኒት አምጡት። መድኃኒቱ ያቆማል እንጂ ወደኋላ አይመልስም እንበል። ያለው ሰው ልጁን በ25 ዓመቷ ያስጀምራታል፤ 25 ላይ ትቆማለች። መድኃኒቱ በእርዳታ በኩል ገጠር እስኪደርስ የጠበቀችው ገበሬ 60 ላይ፣ ከነጉልበት ሕመሟ ትቆማለች። የዘጠኝ ዓመት መዘግየት ለእሷ የዕድሜ ልክ ልዩነት ነው።

ያም ሆኖ ይህኛው ወረፋ በትግልም ቢሆን እንደሚያጥር አይተናል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላው ወረፋ ነው፤ ታላላቆቹ ቦታ እስኪለቁ የሚጠብቁት ወጣቶች ወረፋ።

ብዙው ገበሬያችን የሚያርሰው ከአንድ ሄክታር ያነሰ መሬት ነው። መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ልጅ የራሱን ማሳ የሚያገኘው በአብዛኛው ወላጅ ሲያካፍለው ወይም ሲያወርሰው ነው። አባት በ110 ዓመቱ ጠንክሮ የሚያርስ ከሆነ ልጁ በ80 ዓመቱ ምን ይዞ ጎጆ ይወጣል? የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ጡረታ ይወጣል። ያለ እርጅና ጡረታ ስንት ዓመት ይከፈላል? ከማንስ መዋጮ? ዕድሜ ልክ የተፈረደበት እስረኛስ መድኃኒቱን ይከለከል ወይስ ይሰጠው? ለእነዚህ ዛሬ መልስ የለኝም።

ስለ ሥልጣን ግን የምለው አለኝ። በ2025 ሴፕቴምበር ቤጂንግ ውስጥ ፑቲንና ሺ ጂንፒንግ እየተራመዱ ሲያወሩ ማይክሮፎን ያዛቸው። ሁለቱም 72 ዓመታቸው ነበር። የሚያወሩት ስለ አካል ንቅለ ተከላና በዚህ ክፍለ ዘመን ሰው እስከ 150 ዓመት ሊኖር ይችላል ስለመባሉ ነበር። በብዙ አገር ሕዝብ ከማይወርድ መሪ የተገላገለው ዕድሜ ደርሶለት ነው። እኛ ግን ሌላ መንገድ በቤታችን አለን። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይተላለፋል፤ አባ ገዳው ጤነኛና ብርቱ ቢሆንም ተራው ሲያበቃ ያስረክባል። ከዚህ መማር ያለብን መድኃኒቱ ሳይመጣ ነው። ከመጣ በኋላ ሕጉን የሚያወጡት ወንበሩን የያዙት ናቸው።

"ዕድሜ የሚሰጥ አምላክ ነው፣ ለምን ትነካካላችሁ?" የሚሉ አሉ፤ አከብራቸዋለሁ። ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒትም ተብሎ ነበር። አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም ውሰዱ ማለታቸው የብዙ ሰው ነፍስ አትርፏል። እኔም መድኃኒቱ እንዲመጣ እፈልጋለሁ። እናቱ ስሙን የረሳችበት ሰው እርጅና ፀጋ ነው ሲሉት ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ፋርማሲስቶች፣ የሕግ ባለሙያዎች፣ ገበሬዎችና የሃይማኖት አባቶች ያሉበት ትንሽ ቡድን እናቋቁም። የመጀመሪያ ሥራው መድኃኒቱ ሲፈቀድ በነፃ ወይም በአቅም እንዲቀርብ አገራችን ከአሁኑ የምትጠይቀውን መጻፍ ይሁን። ተማሪዎች፣ በእናንተ ዘመን የሚመጣ ነገር ስለሆነ ከቡድኑ ግማሹ ከእናንተ ይሁን። ፈቃደኛ የሆናችሁ በሻይ ዕረፍት ሰዓት ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ተመዝገቡ፤ እኔም እዚያው ነኝ። አመሰግናለሁ።