የዋናሜከር አዳራሽ በሩ እንዳይዘጋ

ሄለን፦ ዛሬ አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ነን። መሀል ከተማ ያለው ባለ 12 ፎቁ የዋናሜከር ሕንፃ፤ ድሮ ትልቅ መደብር የነበረው፣ አሁን አፓርታማ ሊደረግ የታቀደው።

ዳዊት፦ ከባቡር ጣቢያው ጀምሪልን።

ሄለን፦ እሺ። ጆን ዋናሜከር እ.ኤ.አ. በ1876 እዚያው ቦታ ላይ ትልቁን መደብር የከፈተው አሮጌ የጭነት ባቡር ጣቢያ ውስጥ ነው። ሰው ዋጋ ተከራክሮ በሚገዛበት ዘመን ዕቃው ላይ ቁርጥ ዋጋ ለጠፈ። ያልተስማማው ደንበኛም ዕቃውን መልሶ ገንዘቡን ይወስድ ነበር።

ዳዊት፦ ስለዚህ ለሌላ ሥራ የተሠራን ቤት መለወጥ እዚያ ቦታ ላይ አዲስ ነገር አይደለም።

ሄለን፦ በፍጹም አይደለም! አሁን ያለውን ሕንፃ የነደፈው ዳንኤል በርናም ነው። በ1911 ፕሬዝዳንት ታፍት ተገኝተው ተመረቀ። መሀሉ ላይ ሰባት ፎቅ ያህል ወደ ላይ የተከፈተ አዳራሽ አለ።

ዳዊት፦ አዳራሹ ውስጥ ያለው ኦርጋንስ፣ በቧንቧ በሚነፋ አየር የሚሠራው ትልቁ የሙዚቃ መሣሪያ?

ሄለን፦ እሱማ ጉድ ነው! ለ1904ቱ የሴንት ሉዊስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ነበር የተሠራው። በ13 የባቡር ፉርጎ ተጭኖ መጣ። ድምፁ አዳራሹን አልሞላ ሲል፣ መደብሩ የራሱን ባለሙያዎች ቀጥሮ ቧንቧ ሲጨምርበት ኖረ። አሁን ከ28 ሺህ በላይ ቧንቧ አለው። አስበው፣ ካልሲ ሊገዛ የገባ ሰው ቆም ብሎ ያንን በነፃ ይሰማ ነበር።

ዳዊት፦ ቀጠሮም እዚያው ነበር፣ ከነሐስ የተሠራው ንስር ጋ። የከተማው ሰው «ንስሩ ጋ እንገናኝ» ይባባል ነበር። ምንም ሳይገዛ ቢወጣ ማንም አይጠይቀውም ነበር።

ሄለን፦ ገበያው ግን ቀስ በቀስ ወደ ከተማ ዳር፣ ኋላም ወደ ኢንተርኔት ሄደ። ላይኞቹ ፎቆች ቢሮ ሆኑ። በመጨረሻ ታችኞቹን ሦስት ፎቆች ይዞ የነበረው ሜሲስ የተባለው መደብር በ2025 ማርች ላይ ዘጋ።

ዳዊት፦ አሁን ላይኞቹን ፎቆች አፓርታማ ለማድረግ ታቅዷል። ቀላል ሥራ አይመስለኝም። የልብስ መደርደሪያ መስኮት አይፈልግም፣ መኝታ ቤት ግን ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ሰፊ ወለል መሀሉ ጨለማ ነው።

ሄለን፦ አፓርታማው ጥሩ ነው። ባዶ ሕንፃ ቶሎ ያረጃል፣ ሰው ይግባበት። እኔን የሚያሳስበኝ አዳራሹ ነው። የነዋሪዎች መግቢያ ብቻ ሆኖ ጥበቃ ቢቆምበት ከተማው ትልቅ ነገር ያጣል።

ዳዊት፦ ኪራይ ማስገባትም አለበት እኮ። ካፌ ቢሞላውስ?

ሄለን፦ ካፌ ይግባ። ንስሩ ዙሪያ ያለው ወለል ግን ክፍት ይሁን። ኦርጋኑም በቲኬት ሳይሆን፣ እንደ ድሮው በሥራ ቀን፣ በሩ ተከፍቶ ይሰማ።