የጋለ ሽቦ ስለ ግፊት ምን ያውቃል?

ሰላም አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ሰሞኑን ከሐሳቤ አልወጣ ስላለኝ አንድ ደቃቅ መሣሪያ ላወራችሁ ነው፤ የጋዝን ግፊት በሙቀት ስለሚለካ ሴንሰር።

አዎ፣ በሙቀት። የተለመደው መንገድ ሌላ ነው፤ ጋዝ ስስ ብረት ቢያገኝ ገፍቶ ያጎብጠዋል፤ የጎበጠውን ያህል መለካት ነው። ነገር ግን ጋዙ ሳስቶ ሳስቶ ወደ ባዶነት ሲቃረብ የመግፋት አቅሙ እዚህ ግባ የማይባል ይሆናል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1906 በርሊን ውስጥ በአምፖል ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ማርቼሎ ፒራኒ ነገሩን በሌላ በር ገባበት። ሽቦ አጋለ፤ ጋዙ ከሽቦው ላይ ምን ያህል ሙቀት እንደሚወስድ ተመለከተ። ጋዙ በሳሳ ቁጥር ሽቦው ይበልጥ ይግላል፤ ሲግል ኤሌክትሪክን ይበልጥ ይቋቋማል፤ ያንን ማንበብ ቀላል ነው።

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን መሣሪያው የሚደነዝዝበት ቦታ ነው። በተለመደው የአየር ግፊት አካባቢ ጋዙን በግማሽ ብትቀንሱት የሚያሻግረው ሙቀት ከሞላ ጎደል አይለወጥም። ሸክም እየተቀባበሉ የሚያሻግሩ ሰዎችን አስቡ፤ ቁጥራቸው በግማሽ ሲቀንስ እያንዳንዱ ሳይጋፋ እጥፍ መንገድ ይሄዳል፤ የሚደርሰው ሸክም ያው ነው። በምንተነፍሰው አየር ውስጥ አንድ ሞለኪውል ከሌላው ጋር ሳይጋጭ የሚሄደው በአማካይ 70 ናኖሜትር ያህል ነው። በ1 ፓስካል ግፊት፣ ማለትም ከተለመደው የአየር ግፊት መቶ ሺህ ጊዜ ገደማ ባነሰ ግፊት፣ ግን ከግማሽ ሴንቲሜትር ይበልጣል። ከጋለው አካል እስከ ቀዝቃዛው ግድግዳ ያለው ክፍተት ሞለኪውሉ ሳይጋጭ ከሚሄደው ከዚህ ርቀት ሲያንስ ነው ሽቦው ስለ ግፊት በደንብ የሚናገረው።

እንግዲያው ክፍተቱን ማጥበብ ነዋ! በሲሊከን ላይ የሚሠሩት ደቃቅ ሴንሰሮች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ስስ ሽፋን ላይ ማሞቂያ ተነጥፎ ከሥሩ 1 ማይክሮሜትር ገደማ ክፍተት ብቻ ሲተው፣ የድሮው ሽቦ በሚደነዝዝበት ግፊት ይህኛው ለውጡ ይሰማዋል። ብዙ ጊዜ ዕቃ የሚያንሰው ቦታና ወጪ ለመቆጠብ ነው፤ እዚህ ግን ማነሱ ራሱ አዲስ አቅም ሆነ።

በሌላው ጫፍ ያለው ችግር ግትር ነው። ጋዙ እጅግ ሲሳሳ አብዛኛው ሙቀት የሚያመልጠው ሽፋኑን አንጠልጥለው በያዙት ክንዶችና በጨረር ነው፤ የጋዙ ድርሻ በዚያ ውስጥ ይዋጣል። ክንዶቹን ማቅጠን ይረዳል፤ ግን ይሰበራሉ።

ደግሞም መሣሪያው የጋዙን ዓይነት አያውቅም። በናይትሮጅን የተስተካከለ ሴንሰር ያለበትን ዕቃ በአርጎን ሙሉት፤ አርጎን ሙቀት የማጓጓዝ ችሎታው ደካማ ስለሆነ ቁጥሩ ከእውነተኛው ግፊት በታች ይነበባል። የተዘጋ ዕቃ እየሞላ ቁጥሩን የሚያምን ሰው ሳያውቀው ሊያፈነዳው ይችላል። አንዳንድ አምራቾች ለከፍተኛው ግፊት የሚጎብጥ ሽፋን ያለው ሁለተኛ ሴንሰር ይጨምሩበታል፤ ደግ አደረጉ።

ከአገልግሎቶቹ ሁሉ የምወደው የታሸገውን ነው። እንደ ጃይሮስኮፕ (የመዞር መለኪያ) ያሉ የሚርገበገቡ ደቃቅ መሣሪያዎች በቫኪዩም፣ አየር በተመጠጠበት ባዶ ቦታ፣ ውስጥ ታሽገው ይሠራሉ፤ አየር ከገባ መርገብገባቸው ይታፈናል። ማሸጊያውን ሳይከፍቱ ውስጡን ለማወቅ ማሞቂያዋን አብሮ ማሸግ ይቻላል። በሚሊሰከንዶች ትግላለች፣ ትቀዘቅዛለች፤ መሐንዲሱም ከውጭ ሆኖ እያደር አየር ይግባ አይግባ ይከታተላል።