ልጁን ተዉት፣ ሊጡን መዝኑት

እንደምን ዋላችሁ! ዳቦ ጋጋሪዎች፣ ለውዝ ቆይዎች፣ ሐልዋ ሠሪዎች፣ ሁላችሁም። ስለ ብክነት ተናገር ተብዬ ነው የመጣሁት። በድሬ ሙቀት ረጅም ንግግር ራሱ ብክነት ስለሆነ አላበዛም።

ካይዘንን፣ ሥራን ጥቂት በጥቂት የማሻሻል የጃፓን ዘዴን፣ የሚያስተምረው የካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ የሥራ ቦታ ማደራጃዎቹን አምስቱን "ማ"ዎች ያልሰማ የለም። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። በየግድግዳችን ለጥፈናቸዋል። ጥሩ ነው። ግን እዚያው ወረቀት ሥር ሊጡ ዛሬም በዓይን ነው የሚቆረጠው!

ሳቢያን ያለ አንድ ዳቦ ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ ባለቤቱ "ዱቄቴ እያለቀ ነው፣ የሌሊት ፈረቃው ልጅ እየሰረቀኝ ነው" ብሎ ጠራኝ። ሄድኩ። ልጁ የቆረጠውን ሊጥ አንድ በአንድ ሚዛን ላይ አስቀመጥን። 100 ግራም መሆን ያለበት አንዱ 96፣ አንዱ 118፣ አብዛኛው ግን 110 አካባቢ። ለምን መሰላችሁ? ትንሽ ዳቦ የደረሰው ደንበኛ ይጮሃል፣ ትልቅ የደረሰው ዝም ብሎ በልቶ ይሄዳል፤ ልጁም ቁጣውን ፈርቶ ጨመር እያደረገ ነው የሚቆርጠው። በ1000 ዳቦ 10 ኪሎ ሊጥ በነፃ ወጣ ማለት ነው። 100 ዳቦ ይወጣው ነበር። በዚያ ላይ አንድ ምድጃ ውስጥ ትንሹ ሲያር ትልቁ መሃሉ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ሌባ የለም! ልጁ ግን ሌባ ተብሎ ደመወዙ ተቆርጧል፣ እስከማውቀው ድረስ ይቅርታ የጠየቀው የለም።

እና እባካችሁ፣ ልጆቹ ላይ መጮህ ይብቃ! ሚዛን ስጧቸው፣ ከስንት ግራም እስከ ስንት እንደሚፈቀድ ጻፉላቸው። "ሚዛን አለን" ትላላችሁ። አዎ አለ፣ ዕቃ ቤት ተቆልፎበት!

ሌላው፣ ሙቀቱ። ሌሊት የሠራ የእርሾ ልክ ቀትር ላይ ሊጡን ቶሎ ያኮመጥጠዋል፤ ውሃውን አቀዝቅዙ ወይ እርሾውን ቀንሱ፣ ያደረጋችሁትንም ከነሰዓቱ ደብተር ላይ አስፍሩ።

የባቢሌ ለውዝ የምትቆሉ፣ ከመቁላታችሁ በፊት በመጠን ለዩት፣ አለዚያ ደቃቁ ያርራል። የሻገተውን ጣሉ፤ ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ፣ አፍላቶክሲን፣ በመቁላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

በሉ ሻይ ቀርቧል። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሊጥም ሚዛንም አለ። መጀመሪያ ባለቤቶቹ በዓይናችሁ ቁረጡ፤ ልጆቹ ይመዝኑላችኋል።