ከሚሌ እስከ ጋላፊ፦ መንገድ ላይ የሚፈታ ብሎንና የማይነካ ብሎን

መካኒኳ፦ እንኳን ወደ ዝግጅታችን በደህና መጣችሁ። ዛሬ ከጅቡቲ ወደብ ወደ መሀል አገር ጭነት የሚያመላልሱ ሾፌሮች መኪናቸው ሲበላሽ መንገድ ዳር ራሳቸው ስለሚሠሩት ጥገና እንነጋገራለን። ጋሼ፣ እርስዎ በዚህ መስመር ለብዙ ዓመታት አሽከርክረዋል፤ እኔ ደግሞ እናንተ በሽቦ ያሰራችሁትን ጋራዥ ውስጥ ስፈታ ነው የምውለው።

ሾፌሩ፦ ሽቦውን አትናቂው። ከአዲስ አበባ በድንበሯ በጋላፊ በኩል እስከ ጅቡቲ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዋሽ ወዲያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወቅት መካኒክ ጠርቶ መጠበቅ ቀልድ ይሆናል። ጎማ መቀየር፣ የላላ ቺንጋ፣ ማለት የሞተሩን ቀበቶ ማጥበቅ፣ የተቃጠለ ቫልቮላ፣ ማለት ፊውዝ መተካት፣ ናፍታ አልቆበት መስመሩ ውስጥ የገባውን አየር በእጅ ፓምፑ ማስወጣት የማይችል ሾፌር ከረዳቱ ጋር ጥላ በሌለበት ሜዳ ሲቀቀል ይውላል። የመኪና ማንሻውን ክሪክ፣ ብሎን መፍቻውን ካቻቢቴ፣ ጎማ ጠጋኙን ጎሚስታ የምንልባቸው ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ እኛም ቃሉን ከነሙያው የወረስነው በጣሊያኑ የጭነት መኪና በፊያት ኤንትሬ አሰብ ይመላለሱ ከነበሩት ሾፌሮች ነው።

መካኒኳ፦ ከጠቀሷቸው ሁሉ ቀላል የሚመስለው ጎማ መቀየር ነው። ጋራዥ የሚመጣልኝ ጉዳት ግን አብዛኛው ከእሱ ይጀምራል።

ሾፌሩ፦ እውነት ነው። አንድ ቀን ሚሌን አልፈን ወደ ሎጊያ ስንቃረብ የኋላው ውስጠኛ ጎማ ፈነዳ። ኮንቴይነሩ በጉምሩክ የታሸገ ስለሆነ ጭነት አውርዶ ማቅለል የሚባል ነገር የለም። ረዳቴ ክሪኩን በቀጥታ አሸዋው ላይ ተክሎ መኪናውን ማንሳት ሲጀምር የተነሳው መኪናው ሳይሆን የሰመጠው ክሪኩ ነበር። ለዚህ ብዬ ከመቀመጫ ጀርባ የማስቀምጠውን ወፍራም ጣውላ ከሥሩ አስገባን፤ መኪናው እንዳይንሸራተት በፊት ጎማዎቹ ፊትና ኋላ ታኮ የሚሆን ትልልቅ ድንጋይ አደረግን። ጎማውን የሚይዙትን ዳዶዎች ያላላናቸው ጎማው ገና መሬት ረግጦ ሳለ ነው፤ ከተነሳ በኋላ ቁልፉ ላይ እየተንጠለጠሉ መታገል መኪናውን ከክሪኩ ላይ ይጥለዋል። ቁልፉ ከፀሐዩ የተነሳ እጅ ስለሚያቃጥል ረዳቴ በሽርጡ ጫፍ ጠቅልሎ ነበር የያዘው።

መካኒኳ፦ እኔ የማያቸው የተሰበሩ የጎማ ብሎኖች ብዙ ጊዜ የሚመጡት ከአይሱዙ ነው። አንዳንድ የቆዩ ሞዴሎች በግራ በኩል ያሉት ዳዶዎች የሚፈቱት በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ይህን ያልተነገረው አዲስ ረዳት አላላሁ ብሎ ቁልፉ ላይ ቆሞ ሲረግጥ ያጠብቀዋል፣ ከዚያም ይሰብረዋል። ጎማው ከተቀየረም በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ዳዶዎቹን እንደገና ማጥበቅ ግዴታ ነው፤ እርስዎ ግን ሻይ ለመጠጣት ሲቆሙ ካልሆነ እንደማያደርጉት አውቃለሁ።

ሾፌሩ፦ ሻዩም ለዚሁ ይጠቅማል።

መካኒኳ፦ ራዲያተሩንስ? እንፋሎቱ ሳይበርድ ክዳን የሚከፍት ሰው ፊቱን ይቀቅላል። ቀለበት ያለው ቸርኬ፣ ማለት ጎማው የሚገጠምበት ብረት፣ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ቀለበቱ በደንብ ሳይገጥም ነፋስ ከተሞላ እንደ ጥይት ስለሚወረወር ቢያንስ በሰንሰለት መታሰር አለበት። ከሁሉ በላይ የምከራከርዎት ግን በፍሬን ነው። የአየር ፍሬን ባላቸው ከባድ መኪኖች አየሩ ሲፈስ የኋላ ጎማዎቹን ስፕሪንጉ በራሱ ይይዛቸዋል። ሾፌሩ የፍሬኑን ማስለቀቂያ ብሎን አዙሮ ስፕሪንጉን ሲያስለቅቀው መኪናው ይንቀሳቀሳል፤ የሚያቆመው ነገር ግን ይጎድለዋል።

ሾፌሩ፦ አልዋሽሽም፣ አድርጌዋለሁ። ሜዳ ላይ ስለነበርኩ በአንደኛ ማርሽ እየተጎተትኩ ከተማ ገባሁ። ቁልቁለት ቢሆን ኖሮ ግን ባለንብረቱ በስልክ ቢጮህም ብሎኑን አልነካውም ነበር።

መካኒኳ፦ ሜዳም ቢሆን አልስማማም፤ ከፊትዎ ግመል ቢገባስ?

ሾፌሩ፦ እሺ፣ ይሁንልሽ። እኔን የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። መንገድ ዳር ያለ ጎሚስታ ደረሰኝ የለውም፤ ባለንብረቱ ደግሞ ያለ ደረሰኝ አይተካም። ስለዚህ ሾፌሩ የጎማውን ማስለጠፊያ ከአበሉ ይከፍላል፣ ወይም ላለመክፈል ሲል የሳሳውን ጎማ እንደምንም ይገፋበታል። መኪናው ሥር የሚገባው ደግሞ ረዳቱ ነው፤ ክሪክ ቢያመልጥ እግሩ የሚቀረው የእሱ ሆኖ ሳለ፣ ስሙ በወረቀት ላይ የሌለ ረዳት ሞልቷል።

መካኒኳ፦ ትናንት ያስገባሁት መኪና ታችኛው ክፍሉ ተሰባብሮ የመጣው በሌሊት መንገድ መሀል የተተወ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ነው። ለማስጠንቀቂያ የተደረደረ ይሁን ታኮ የነበረ፣ ባለቤቱ ሠርቶ ሲሄድ ጥሎት ሄዷል።

ሾፌሩ፦ የደከመ ሰው መጀመሪያ የሚረሳው እሱን ነው። ረዳቴ ዕቃውን ሰብስቦ ገቢና ሲገባ «ድንጋዩስ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። «አንስቻለሁ» ቢለኝም ሞተሩን አስነስቼ በመስታወት ወደ ኋላ አያለሁ፤ ሁለት ጊዜ አስወርጄዋለሁ።