ኤምጂቢን ቤት ውስጥ ማደስ፦ ጉልበት ከመጨመራችሁ በፊት

[ምስል፦ ኮፈኑ የተከፈተ ኤምጂቢ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ]

ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው መኪናችን ኤምጂቢ የሚባለው የስፖርት መኪና ነው። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 እንግሊዝ አገር፣ አቢንግዶን በምትባል ከተማ ተሠርቷል። ከ500,000 በላይ ነው የተመረተው። አሮጌ የእንግሊዝ መኪና በገዛ እጁ ማደስ ለሚፈልግ ሰው ቅድሚያ የምመክረውም ለዚህ ነው። መለዋወጫው ሞልቷል። ሌላው ቀርቶ ቦዲው ራሱ ከ1988 ጀምሮ በድሮዎቹ ማሽኖች እንደ አዲስ እየተሠራ ይሸጣል።

ሞተሩ 1798 ሲሲ ነው፤ አራት ሲሊንደር፣ ባለ ሁለት ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ)። ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለበትም። ቁልፍ፣ ካቻቪቴና ትዕግሥት ያለው ሰው ፈትቶ ይገጥመዋል።

ችግሩ ብዙ ሰው መኪናውን ገዝቶ ቤት እንዳስገባ ስለ ጉልበት ማሰቡ ነው። የስፖርት ካምሻፍት፣ ትልልቅ ካርቡሬተር፣ አዲስ ማርሚታ። እኔ ግን መጀመሪያ ሥሩ ገብታችሁ ተኙ ነው የምለው።

[ምስል፦ ከበሩ ሥር ያለው ላሜራ፣ ከታች ሲታይ]

ኤምጂቢ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም። ሸክሙን የሚችለው ቦዲው ራሱ ነው። በተለይ ጣሪያ የሌለው ሞዴል ጥንካሬውን የሚያገኘው በሁለቱ በሮች ሥር ከሚያልፈው፣ ውስጡ ባዶ ከሆነው ላሜራ ነው። የውጪው ገጽ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቅ ይሆናል። ውስጡን ግን ዝገት ጨርሶት ሊሆን ይችላል።

እንዴት ይታወቃል? በሩን ዝጉና በስተኋላ በኩል በበሩና በቦዲው መሀል ያለውን ክፍተት ተመልከቱ። ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ መኪናው ወገቡ ላይ ጎብጧል። በክሪክ ስታነሱት ክፍተቱ ከተለወጠ ወይም በሩ አልዘጋ ካለ ደግሞ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ላሜራውን ከመቁረጣችሁ በፊት በበሩ ክፍት ቦታ ላይ ብረት አግድማችሁ በይዱ። በአንድ ጊዜ አንዱን ጎን ብቻ ሥሩ። ይህ ከተዘለለ ቦዲው እንደጠመመ ይበየድና ከዚያ በኋላ በሩ በጭራሽ ልክ አይመጣም። ብየዳ የማትችሉ ከሆነ ይህን ክፍል ለባለሙያ ስጡት። ገንዘቡ ያለ ጥርጥር እዚህ ላይ ቢወጣ ይሻላል። እባካችሁ፣ በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር አትግቡ።

[ምስል፦ ሁለቱ ካርቡሬተሮች በቅርበት]

አሁን ወደምወደው ክፍል ልግባ። እነዚህ ሁለቱ ኤስዩ ካርቡሬተሮች ናቸው። የስኪነር ወንድማማቾች ሐሳብ ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ አስቆጥሯል። እስካሁንም ከዚህ የረቀቀ ቀላል ነገር አላየሁም።

ክዳኑን ስትከፍቱ ፒስተን ታገኛላችሁ። ከፒስተኑ ሥር ወደ ጫፏ እየቀጠነች የምትሄድ መርፌ አለች። ነዳጅ ስትሰጡ ሞተሩ አየር ይስባል፤ ስበቱ ፒስተኑን ወደ ላይ ያነሣዋል። መርፌዋም አብራ ስትነሣ ቤንዚን የሚወጣበት ቀዳዳ ይሰፋል፣ ቤንዚንም ይጨምራል። ማለትም ካርቡሬተሩ የሞተሩን ፍላጎት ራሱ እየለካ ነው የሚሰጠው። ከላይ ያለችው ትንሽ ዘይት ደግሞ ፒስተኑ በአንዴ እንዳይዘል ትይዘዋለች። ስለዚህ በድንገት ስትረግጡ ቤንዚኑ ለአፍታ ወፈር ይላል። ነዳጅ ሲሰጠው የሚያንገራግር ኤምጂቢ ካያችሁ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ይህች ዘይት መኖሯን እዩ።

ለማስተካከል ሞተሩን በደንብ አሙቁ። መጀመሪያ ሁለቱ እኩል መሳባቸውን አረጋግጡ። የቀጭን ጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሯችሁ ላይ፣ ሌላውን በየካርቡሬተሩ አፍ ላይ አድርጋችሁ ፉጨቱን አነጻጽሩ። ከዚያ በጎኑ ያለችውን ትንሽ ፒን ወደ ላይ ግፏት፤ ፒስተኑ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ አይነሣ። ሞተሩ ፈጥኖ በዚያው ከቀጠለ ቤንዚን በዝቶበታል። ሊጠፋ ከተንገዳገደ አንሶታል። ለአፍታ ብቻ ከፍ ብሎ ከተመለሰ ልክ ነው። በቀድሞዎቹ ኤምጂቢዎች ላይ ማስተካከያዋ ከሥር ያለችው ባለ ስድስት ጎን ዳዶ ናት። በአንድ ጊዜ አንድ ጎን ብቻ አዙሩ። ስትወርድ ቤንዚን ይጨምራል፣ ስትወጣ ይቀንሳል።

አሜሪካ ያላችሁ፣ ከ1975 ወዲህ ለእናንተ ገበያ የተሠራው ኤምጂቢ በሁለቱ ኤስዩ ፈንታ አንድ ዜኒት ስትሮምበርግ የሚባል ካርቡሬተር ነው ያለው። ብዙ ሰው ወደ ሁለቱ ኤስዩ ይመልሰዋል፤ መኪናውም ነፍስ ይዘራል። ካሊፎርኒያ ከሆናችሁ ግን ከ1976 ጀምሮ የተሠሩት የጭስ ምርመራ ስላለባቸው ሕጉን አስቀድማችሁ አጣሩ።

[ምስል፦ ዲስትሪቢዩተር፣ ክዳኑ ተነሥቶ]

ወደ ማሻሻያው እንምጣ። የመጀመሪያው ፑንቲናውን፣ ማለትም ዲስትሪቢዩተር ውስጥ እየተከፈተና እየተዘጋ ሻማው እሳት እንዲሰጥ የሚያደርገውን ዕቃ፣ አውጥቶ በኤሌክትሮኒክ መተካት ነው። ፑንቲና ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊሜትር ክፍተት ይፈልጋል፤ ደግሞም ይበላል። ኤሌክትሮኒኩ ይህን ጣጣ ይገላግላችኋል፤ ከውጭ ሲታይም ምንም አይለወጥም። አንድ ነገር ልብ በሉ። እስከ 1967 የተሠሩት ኤምጂቢዎች ከቦዲው ጋር የሚያያዘው የባትሪያቸው ፖዘቲቭ ነው። እንደ ዛሬ መኪና ነጌቲቩን ካሰራችሁበት ዕቃው ወዲያው ይቃጠላል።

ሁለተኛው የነዳጅ መስመር ነው። ብሪታንያ ውስጥ ከ2021 መስከረም ጀምሮ መደበኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል አለው። ኢታኖል የድሮ ጎማ ይበላል። ቱቦዎቹን በሙሉ ኢታኖል በሚችል ቀይሩ። የተሰነጠቀ የቤንዚን ቱቦ ያለው ከጋለው ማርሚታ አጠገብ ነው፣ እሳት ማለት ነው። እርሳስ ያለው ቤንዚንም እዚያው አገር በ1999 መጨረሻ ከገበያ ወጥቷል። እርሳሱ የቫልቮቹ መቀመጫ እንዳይበላ ይከላከል ነበር። ስለዚህ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ለሌላ ሥራ ከወረደ አይቀር ለጭስ ማውጫ ቫልቮቹ ጠንካራ መቀመጫ ይግባላቸው።

ከዚያ ፍሬን። የፊቱ ዲስክ፣ የኋላው ታምቡር ነው፤ በደህና ከታደሰ ይበቃል። ሰርቮ (ፍሬን ሲረገጥ እግርን የሚያግዘው ዕቃ) ከሌለው ግን እግር ይፈልጋልና አንድ ጨምሩበት።

ጉልበት የሚጨምሩት ዕቃዎች እዚህ ላይ ነው ተራቸው። እሱም ቢሆን ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ። ሞቆ ሲሄድ የዘይት ግፊቱ ከ50 እስከ 80 ፒኤስአይ መሆን አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ጉልበት መጨመሩ ቀርቶ መጀመሪያ ብሮንዚናው፣ ማለትም የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት መደገፊያ፣ ይታይ።

ቴስታታውን አውርዳችሁ ከመለሳችሁ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ እንደገና አጥብቁት። ከዚያ ቀጥሎ ቫልቮቹን 0.38 ሚሊሜትር ላይ አስተካክሉ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ፤ ቴስታታው ሲጠብቅ የቫልቩ ክፍተት ይለወጣል።