ጌጁ ሙሉ ነው ሲል አትመኑት

ባለፈው ፕሮግራም የድሮ ወታደራዊ መኪኖችን ጉዳይ ስናነሣ ስልኩ እረፍት አልነበረውም። ግማሹን ሳልመልስ ሰዓቱ አለቀብኝ። የቀሩት እነዚህ ናቸው። የሚገርመው ሁሉም የሚያጠነጥኑት አንድ ነገር ላይ ነው፦ የነዳጅ ጌጅ፣ ያ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የነዳጅ ልክ ማሳያ።

ከዴንቨር የደወለ አድማጭ፦ «ከጨረታ የወጣ ኤም35ኤ2፣ የአሜሪካ ጦር የጭነት መኪና፣ ገዛሁ። ጌጁ ሌት ተቀን ሙሉ ላይ ነው። እሱን አምኜ ወጥቼ መንገድ ላይ ነዳጅ ጨረስኩ። ታንክ ውስጥ ያለውን ሴንደር ልቀይር ነው፤ የትኛውን ልግዛ?»

ወንድሜ፣ ገንዘብህን ኪስህ መልሰው። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ስጠኝ።

ሴንደር የምንለው ነገር ቀላል ነው። ታንክ ውስጥ ሆኖ የነዳጁን ልክ ለጌጁ የሚነግር፣ ጫፉ ላይ ተንሳፋፊ ያለው ክንድ ነው። ነዳጅ ሲጨመር ተንሳፋፊው ይነሣል፣ ክንዱም በቀጭን ሽቦ የተጠመጠመ ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክን የሚገታ ነገር፣ ልኩ በኦም ነው) ላይ ይንሸራተታል። ባንተ መኪና ታንኩ ባዶ ሲሆን ሬዚስታንሱ ዜሮ ኦም አካባቢ ነው፣ ሲሞላ 30 ኦም አካባቢ ይደርሳል። ሬዚስታንስ በጨመረ ቁጥር መርፌው ወደ ሙሉ ይሄዳል ማለት ነው። እንግዲህ ሽቦው ቢበጠስስ? ግራውንዱ፣ ማለትም ሴንደሩ ከመኪናው ብረት ጋር የሚገናኝበት ቦታ፣ ቢዝግስ? ሬዚስታንሱ ሰማይ ይነካል፣ ጌጁም «ሞልቷል» ብሎ ቁጭ ይላል። የዚህ መኪና ጌጅ ክፋቱ ይሄ ነው። ሲታመም ባዶ ነኝ ብሎ አያስደነግጥህም፣ አንጀትህን እያራሰ ነው የሚሸኝህ።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ቁልፉን አብራና ሴንደሩ ላይ የተሰካውን ሽቦ ንቀል። መርፌው ሙሉ ላይ ይሆናል። ያንን ሽቦ ከታንኩ አፍ ራቅ አድርገህ ቀለም የሌለበት ንጹሕ ብረት ላይ ንካው። መርፌው ወደ ባዶ ከወረደ ጌጁም ሽቦውም ደህና ናቸው። ንቅንቅ ካላለ ችግሩ ሽቦው ወይ ራሱ ጌጁ ነው፣ ሴንደር ብትቀይር ለውጥ የለውም።

መርፌው ከወረደስ? ሽቦውን መልሰህ ሰካና ከሴንደሩ አካል እስከ ሻሲው አንድ ትርፍ ሽቦ ዘርጋ። ጌጁ ድንገት እውነቱን ካወጣ የጎደለው ግራውንድ ብቻ ነበር። እኔ ይህን ሳልሞክር በፊት አዲስ ሴንደር ገዝቼ፣ ነዳጁን ከታንኩ ቀድቼ፣ ግማሽ ቀን በናፍጣ ተለውሼ ገጥሜያለሁ። ቁልፉን ሳበራ ጌጁ ያው ሙሉ። ታንኩ ደጋግሞ ቀለም ተቀብቶ ስለነበር ብረት ከብረት አይነካካም ነበር። መፍትሔው የብርጭቆ ወረቀትና አንድ ክንድ ሽቦ ሆነ። አሮጌው ሴንደር ደህና ነበር፣ እሱን ደግሞ ጥዬዋለሁ።

ይህም አልሠራም እንበል። ያኔ ሴንደሩን አውጣው። የሁለቱንም ባትሪዎች ነገር አስታውስ፣ መኪናው 24 ቮልት ነው፤ ኔጌቲቩን መጀመሪያ ፍታ። ሲጋራ የሚባል ነገር አጠገብህ አይድረስ። አምስት ብሎኖች አሉት፣ ከመፍታትህ በፊት አካባቢውን በብሩሽ ጥረግ፤ አለበለዚያ የሃያ ዓመት አሸዋ ታንክ ውስጥ ይገባል። ስታወጣው አታስገድደው፣ ተንሳፋፊውን አዘንብለህ አውጣ። ከዚያ ጆሮህ ላይ አድርገህ ነቅንቀው። ውስጡ «ቸልቸል» ካለ ተንሳፋፊው ተበስቶ ነዳጅ ጠጥቷል፣ ይሰምጣል። እንዲህ ያለው ግን ሁልጊዜ ባዶ ነው የሚያሳየው። ያንተ ሙሉ ስለሚል እኔ የምጠረጥረው የሬዚስታንሱን ሽቦ ነው። ኦም መለኪያ ሰክተህ ክንዱን ቀስ አድርገህ ከታች ወደ ላይ አንሣው። ቁጥሩ ሳይዘል ከዜሮ ወደ 30 መውጣት አለበት። መሐል ላይ ድንገት ከጠፋ አልቆለታል።

አሁን ግዛ። ግን ሱቁ «ለሁሉም መኪና የሚሆን» ብሎ የሚሰጥህን አትቀበል። አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚሸጠው ባዶ ሲሆን 240፣ ሙሉ ሲሆን 33 ኦም የሚሰጥ ነው። ያንተ ጌጅ ከ30 በላይ የሆነውን ሁሉ «ሙሉ» ነው የሚለው። ከፍለህ የድሮ በሽታህን መልሰህ ትገጥማለህ።

ከአዲስ አበባ፣ አባት፦ «የ2ኛው የዓለም ጦርነት ዊሊስ ጂፕ አለኝ። ባትሪውን ወደ 12 ቮልት አስቀየርኩ፣ ከዚያ ወዲህ ጌጁ አበደ።»

ጋሼ፣ እርስዎ ጋ ያለው መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ 6 ቮልት ነበር። ሴንደሩ ተራ ሬዚስታንስ ስለሆነ ቮልቱ ብዙም አያስጨንቀውም። የሚጎዳው ጌጁ ነው። ቶሎ ብለው ከጌጁ በፊት ቮልት መቀነሻ ያስገጥሙለት፣ ሳይቃጠል። ሌላው፣ የዚህ ጂፕ ታንክ ያለው ሾፌሩ ወንበር ሥር ነው። ቤንዚን ላይ ነው የሚቀመጡት፣ ስለዚህ እዚያ አካባቢ ማንም ብየዳ ልሞክር ቢልዎት እሺ እንዳይሉት።

ከአዳማ፦ «ዋዝ 469 ነው። አንዱ ታንክ በትክክል ያሳያል፣ ሌላው ጭራሽ አይነበብም።»

ዋዝም የሶቪየት ወታደራዊ መኪና ነውና እንመልስ። ዕድለኛ ነህ፣ መኪናው ራሱ ምርመራውን ግማሽ ሠርቶልሃል። ሁለት ታንክ አለ፣ ጌጁ ግን አንድ ነው፣ በማብሪያ ማጥፊያ እየቀያየርክ ነው የምታነበው። አንዱ ታንክ ከተነበበ ጌጁ ጤነኛ ነው። ማብሪያው ጀርባ ያሉትን የሁለቱን ሴንደሮች ሽቦ አለዋውጥ። ችግሩ ወደ ሌላኛው ቦታ ከተዛወረ ጥፋቱ ወደ ታንኩ በሚሄደው መስመር ላይ ነው፦ ሽቦ፣ ግራውንድ ወይ ሴንደር። እዚያው ከቀረ ማብሪያው ነው፣ ውስጡን አጽዳው። መቀየር ካለብህ የአሜሪካውን ሴንደር ለዋዝ አትግጠም፣ የኦም ልኩ ለየቅል ነው። ሠራተኛውን ታንክ ሴንደር ለክተህ ከእሱ ጋር የሚገጥም ፈልግ።

ከዋሽንግተን አካባቢ፦ «ሴንደር ቀየርኩ፣ ጌጁ ሠራ። አሁን ግን ታንክ ስሞላ ነዳጅ ይሸታል።»

ስትሞላ ብቻ ከሆነ ከላይ፣ ሴንደሩ በተገጠመበት በኩል፣ እያፈሰሰ ነው። ጋስኬቱን (በሴንደሩና በታንኩ መሐል የሚገባውን ማተሚያ) በተራ ሲሊኮን ለጥፈኸው እንዳይሆን። ተራ ሲሊኮን ነዳጅ አይችልም፣ ይልሞሰሞስና ተቆራርሶ ወደ ፊልተር ይወርዳል። ነዳጅ የሚችል ጋስኬት አድርግ። ብሎኖቹንም እይ። ቀዳዳቸው እስከ ታንኩ ውስጥ የሚዘልቅ ከሆነ ነዳጁ በጥርሳቸው ተስቦ ይወጣል፣ እያንዳንዱ ራስ ሥር ማተሚያ ቀለበት ያስፈልገዋል። አጠባበቁም አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው አይደለም፣ እያፈራረቅህ ጥቂት ጥቂት። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፣ ሞልተህ ትንሽ ንዳና ተመልሰህ በጣትህ ዳስሰው።